መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው መጠን

በግእዝ «ሥራይ» የሚባል ቃል አለ። ይህ ቃል እንደ አገባቡ አንድ ጊዜ መድኃኒት፥ አንድ ጊዜ መርዝ፥ አንድ ጊዜም አስማት ተብሎ ይተረጐማል። በአማርኛችንም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። «መድኃኒት» የሚለው ስም ከመዳን የወጣ ሆኖ ሳለ፥ በየቤታችን አይጥ የምናጠፋበትን መርዝ «የአይጥ መድኃኒት» ብለን እንጠራዋለን። ስለ አንድ ሰው «መድኃኒት አበሉት» ሲባል የሰማ ሰውም ታከመ ብሎ ሳይሆን ተመረዘ ብሎ ይደነግጣል። የጥንት ግሪኮችም «ፋርማኮን» በሚለው አንድ ቃል የሚያድነውንም የሚገድለውንም ይጠሩ ነበር።

ሦስት ቋንቋዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። የቀደሙት ሰዎች ለሁለት ነገር ሁለት ቃል ማውጣት ተስኗቸው ነውን? ወይስ ሁለት የሚመስለን ነገር በእውነት አንድ ሆኖ፥ መዳንና ሞት በውስጡ አብረው የሚኖሩ መሆናቸውን አስተውለው ነው? አንድ ነገር ራሱ የሚያድንም የሚገድልም ከሆነ፥ ያንን ነገር በእጁ ይዞ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሰው ዕዳው ምንድን ነው? ክቡራን አንባብያን፥ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

በልጅነታችን ኮሶ የጠጣን ሰዎች የዚህን ትምህርት መጀመሪያ ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያቶቻችን እጅ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል ብዙ ነውና፥ የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር። አያቴ ኮሶውን ከመበጥበጧ በፊት ጠጪውን ታየው ነበር። ቁመቱን፥ የፊቱን መልክ፥ ሰሞኑን ታሞ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ትመለከታለች። ከዚያም በእፍኟ የያዘችውን ከፍታ አይታ ጥቂቱን ወደ ዕቃው ትመልሰዋለች። እርጉዝ ሴት ግን ከእርሷ ዘንድ ኮሶ አታገኝም ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ሥስት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን አንድ ጎረቤታችን ከጠጣ በኋላ ትሉ አልወጣልኝም ብሎ በዚያው ቀን ደግሞ ሌላ ብዙ ኮሶ ጠጣ፤ ከሕመሙም ሲነሣ ዐይኑ እንደ ቀድሞው አላይ አለው። ኮሶ ሲበዛ ዐይንን እንደሚጎዳ፥ እስከ መግደልም እንደሚደርስ ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። አያቴ የመለሰችው ጭብጥ ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ይህን አሳብ በትምህርት መልክ ከገለጡት ሰዎች ዋነኛው ፓራሴልሰስ የተባለው ሐኪም ነው። በ1493 ዓ.ም. በስዊስ አገር ተወልዶ በ1541 ዓ.ም. ያረፈ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህ ሰው እንደ ባዜቃ ያሉትን ብርቱ ነገሮች ለሕክምና ስለ ተጠቀመ፥ ባልንጀሮቹ ሐኪሞች መርዝ ያጠጣል ብለው ከሰሱት። እርሱም በ1538 ዓ.ም. ስለ ራሱ በጻፈው መከላከያ፥ መርዝነት የሌለበት ነገር በዓለም እንደሌለ፥ አንድን ነገር ከመርዝነት የሚያወጣው መጠኑ ብቻ እንደ ሆነ አስረዳ። ጨውን በወጥ ውስጥ እንመልከት። ሲያንስ አይታወቅም፤ ሲስተካከል ምግቡን ያጣፍጣል፤ ሲበዛ ግን ሰውነትን ይጎዳል። ሕይወታችን የሆነው ውሃ እንኳ በአጭር ጊዜ ከልክ በላይ ቢጠጣ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ሰውን ሊገድል ይችላል።

በዛሬ ዘመን መድኃኒትንና መርዝን የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን ነገር በወረቀት ላይ በመስመር ይሥሉታል። ከታች የሚሰጠውን መጠን፥ ወደ ላይ ሰውነት የሚያሳየውን ምላሽ ይጽፋሉ። መስመሩ መጀመሪያ ከሜዳው ሳይነሣ ጥቂት ይጓዛል፤ ቀጥሎ እንደ ዳገት ይነሣል፤ በመጨረሻም እንደ አምባ ራስ ይተኛል። ምክንያቱም ብዙዎቹ መድኃኒቶች የሚሠሩት በሰውነት ውስጥ የተወሰኑ ስፍራዎችን ይዘው ስለ ሆነ ነው። እነዚያ ስፍራዎች ሁሉ ከተያዙ በኋላ የሚጨመረው መድኃኒት የሚያደርገው በጎ ሥራ የለውም። ነገር ግን ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ወዳልተላከበት ሄዶ ያልታዘዘውን ይሠራል። ስለዚህ ሊቃውንቱ በዚያው ወረቀት ላይ ሁለተኛ መስመር ይሥላሉ፤ ይኸውም የጉዳቱ መስመር ነው። የጥቅሙ መስመር ከአምባው ራስ ላይ ሲተኛ የጉዳቱ መስመር ዳገቱን ይጀምራል። ሐኪሙ የሚሠራው በሁለቱ ዳገቶች መካከል ባለው ስፍራ ነው። ይህ ስፍራ ለአንዱ መድኃኒት እንደ ሜዳ ሰፊ፥ ለሌላው እንደ ገደል አፋፍ ጠባብ ነው።

ለምሳሌ ያህል በየቤቱ የሚገኘውን ፓራሲታሞል እንውሰድ። ራስ ለሚያመውና ትኩሳት ላለበት ሰው በልኩ ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ሰላማዊ መድኃኒት ነው። ጤናማ የሆነ ዐዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፥ ማለት ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነው ከ8 ፍሬ ማለፍ አይገባውም። ሰውነቱ የከሳና መጠጥ የሚያዘወትር ሰው መጠኑ ከዚህም ያንሳል። ይህ ልክ በብዙ ሲታለፍ፥ ጉበት ከመድኃኒቱ የሚወለደውን መርዝ የሚያበርድበት ስንቅ ያልቅበታል፤ ከዚያም ጉበቱ ራሱ መሞት ይጀምራል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ደኅና መስሎ መዋሉ ነው። ሕመሙ ጎልቶ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ለመርዳት እየመሸ ይሄዳል። እንግዲህ «ወስጄ ምንም አልሆንሁም» የሚለው ቃል ለልክ ምስክር አይሆንም።

የሥራይን ሁለትነት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየን ግን ዋርፋሪን የተባለው መድኃኒት ታሪክ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት በሰሜን አሜሪካ ከብቶች ሳይቆስሉ ደማቸው እየፈሰሰ ይሞቱ ጀመር። ፍራንክ ስኮፊልድ የተባለ የካናዳ የከብት ሐኪም ምክንያቱ የሻገተ የመኖ ድርቆሽ መሆኑን አገኘ። በ1933 ዓ.ም. በክረምት ብርድ አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደርና የማይረጋ ደም የሞላበት ዕቃ በመኪናው ጭኖ ካርል ፖል ሊንክ የተባለው ሊቅ ወደሚሠራበት ቤተ ሙከራ መጣ። ሊንክና ረዳቶቹ ከዚያ ድርቆሽ ደምን የሚያቀጥነውን ነገር ለይተው ለማውጣት ስድስት ዓመት ያህል ደከሙ። ከዚያም ዘር የሆነው ዋርፋሪን በ1948 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው ለአይጥ መርዝነት ነበር። በ1951 ዓ.ም. አንድ ወጣት ወታደር ይህንኑ የአይጥ መርዝ ደጋግሞ ወስዶ ሳለ በሆስፒታል በቪታሚን ኬ ዳነ። ሐኪሞችም የመርዙ ሥራ ሊገታ የሚችል መሆኑን ከዚህ አስተዋሉ። በ1954 ዓ.ም. ለሰው መድኃኒት እንዲሆን ተፈቀደ፤ በ1955 ዓ.ም. የልብ ሕመም ያገኛቸው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በዚሁ መድኃኒት ታከሙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአይጥ መድኃኒት የሰው መድኃኒት ሆነ። የለወጡት ስሙንና ባሕርዩን አይደለም፤ መጠኑን ነው።

በአገራችንም በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ በሚመጣ በሽታ የልባቸው በር የተበላሸባቸው ብዙዎች አሉ። ከእነርሱም ሰው ሠራሽ የብረት በር የተተከለላቸው ሰዎች ዋርፋሪንን ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። መድኃኒቱ ቢያንስ ደም በተተከለው በር ላይ ይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ሽባ ያደርጋል፤ ቢበዛ በውስጥ ደም ይፈስሳል። ስለዚህ የደሙ አረጋግ በየጊዜው ይለካል። በጤናማ ሰው 1 ገደማ የሚሆነው ቁጥር ለብዙዎቹ የዚህ መድኃኒት ተጠቃሚዎች በ2ና በ3 መካከል፥ ለአንዳንዶቹም ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲቆይ ይደረጋል። ለአንዱ በቂ የሆነው ለሌላው ሞት ነውና፥ የጎረቤትን መጠን ለራስ መውሰድ አይቻልም።

እዚህ ላይ ካህናትና ምእመናን በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጎመንና እርሱን የመሰሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ቪታሚን ኬ ይበዛባቸዋል፤ ቪታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። በጾም ወራት ከወትሮው ይልቅ ጎመን የሚያዘወትር ሕመምተኛ፥ የሚውጠው ፍሬ ሳይለወጥ የመድኃኒቱ ኀይል ሊደክምበት ይችላል። ጾሙ ሲፈታና ምግቡ ሲለወጥ ደግሞ ያው መጠን ሊበዛበት ይችላል። መፍትሔው ቅጠሉን ፈጽሞ መተው ሳይሆን የሚበላውን ማስተካከል፥ ጾም ሲገባና ሲፈታም ለሐኪሙ ነግሮ ደሙን ማስለካት ነው። ይህን የማያውቅ መካሪ በቅን ልብ መክሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ የሚያውቅ መካሪ ግን «ልጄ፥ የምትወስደው መድኃኒት ምንድን ነው? ለሐኪምህ ነግረሃልን?» ብሎ በመጠየቁ ብቻ ነፍስ ሊያድን ይችላል።

እስካሁን የተናገርነው በአብዛኛው ስለ መብዛት ነው፤ ማነስም ግን የራሱ ጥፋት አለው። ፔኒሲሊንን በ1928 ዓ.ም. ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር አንድ ምሳሌ ተናግሮ ነበር። ምሳሌው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ጉሮሮውን ያመውና ፔኒሲሊን ገዝቶ ከልክ በታች ይወስዳል። የወሰደው ተሐዋስያኑን ለመግደል አይበቃም፤ መድኃኒቱን እንዲለምዱት ለማድረግ ግን ይበቃል። ከዚያም በሽታው ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፤ እርሷም በፔኒሲሊን ስትታከም መድኃኒቱ አልሠራ ብሏት ትሞታለች። ፍሌሚንግ የዚህች ሴት ሞት ምክንያቱ የባልዋ ቸልተኝነት መሆኑን አመለከተ። እነሆ፥ ዛሬ መድኃኒት የለመዱ ተሐዋስያን በዓለም ሁሉ ብዙ ሰው ይገድላሉ። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ሳሉ ሲቀንስለት በሁለተኛው ወር መድኃኒቱን ቢያቋርጥ፥ ያቋረጠው የራሱን መዳን ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጣራ ሥር አብረውት የሚተነፍሱትን ሁሉ ለጸና በሽታ አሳልፎ መስጠቱ ነው። «የራሴ ሰውነት ነው፥ ቢያንስም ቢበዛም የማውቀው እኔ ነኝ» የሚል ሰው ስለዚህ ትክክል አይናገርም።

ደግሞም መጠን ማለት የአንድ ቀን ልክ ብቻ አይደለም፤ የዘመን ርዝመትም ከመጠን ይቈጠራል። ጓያን እንመልከት። ጓያ ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ የሚቆም፥ ብዙ ነፍስ ያተረፈ እህል ነው። አንድ ቀን ወይም አንድ ሳምንት በሽሮ ተቀላቅሎ ቢበላ አይጎዳም። ነገር ግን ከዕለት ምግብ ሲሶውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ እየሆነ ለወራት ሲበላ፥ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ይጎዳል፤ ሰውየውም ደኅና አድሮ እግሩ ሲታሰር ያገኘዋል። ይህ ሽባነት አይድንም። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በደንቢያና በፎገራ፥ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል። ጓያውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፥ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ጉዳቱን ይቀንሳል። ነገር ግን ለድሃው ገበሬ «ጓያ አታብዛ» ብሎ መምከር ምን ይጠቅማል? ያበዛው ወዶ አይደለም፤ በጎተራው የቀረው እርሱ ብቻ ስለ ሆነ ነው። የሚቀላቅልበት ሌላ እህል የሌለውን ሰው መጠን አታውቅም ብሎ መውቀስ በደል ነው። የእርሱ ልክ የተዛባው ጎተራው በጎደለ ጊዜ ነውና፥ ለእንዲህ ያለው ሰው የመጠን ትምህርት ማለት አንድ ቁና ጤፍ ወይም ገብስ ማካፈል ነው።

አሁን አንድ ጠያቂ ተነሥቶ እንዲህ ሊለን ይችላል። «ሁሉ በመጠን ከሆነ፥ እንግዲያው ክፉ የሚባል ነገር የለም ማለት ነዋ! ማንኛውም ነገር ጥቂት ከሆነ አይጎዳም፤ ስለዚህ ከሁሉም በጥቂቱ ብንቀምስ ምን አለበት?» ይህ ጥያቄ ሊናቅ አይገባውም፤ በመጠን ትምህርት ስም ብዙ በደል የተሠራው በዚህ አንቀጽ ነውና።

መልሳችንን ከእርሳስ ታሪክ እንጀምር። ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የመኪና ሞተር በደኅና እንዲሠራ ከቤንዚን ጋር እርሳስ ይቀላቀል ነበር። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። ነገር ግን ሮበርት ኬሆ የተባለው የኢንዱስትሪው ሐኪም፥ በሰው ደም ውስጥ ጥቂት እርሳስ መገኘቱ የተለመደ ነው፥ ሰውነትም ያወጣዋል፥ ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ አይጎዳም እያለ ለብዙ ዓመታት አስተማረ። የምድርን ዕድሜ የመረመረው ክሌር ፓተርሰን በ1965 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ የተለመደ ማለትና የተፈጥሮ ማለት አንድ እንዳይደለ አሳየ። በዘመናችን ሰው ውስጥ የሚገኘው እርሳስ በተፈጥሮ ሊኖር ከሚገባው እጅግ የበዛ ነበርና። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ኸርበርት ኒድልማንና ባልንጀሮቹ ልጆች ሲነቅሉ የጣሉትን የወተት ጥርስ ሰብስበው መረመሩ። የታመመ የማይመስል፥ ከሌሎቹ ጋር እየተጫወተ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ፥ በጥርሱ ውስጥ ያለው እርሳስ የበዛ እንደ ሆነ የአእምሮው ፈተና ውጤት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ ልክ እንደማይታወቅ ይናገራል። በመጨረሻ እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን የተወችው አገር አልጄሪያ ናት፤ ይህም የሆነው በ2021 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ ለጠያቂው ሦስት መልስ እናገኛለን። መጀመሪያው፥ የመጠን ሕግ ለነገር ሁሉ ጉዳት የሌለው ጥቂት አለው አይልም፤ ለእያንዳንዱ ነገር ልኩን መርምር ይላል እንጂ። መርምረን የምናገኘው ልክ አንዳንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው፥ ጉዳት አልታየም ማለት ጉዳት የለም ማለት አይደለም። ከመቶ ልጆች የእያንዳንዱ አእምሮ በጥቂቱ ቢደክም በአልጋ ላይ የሚተኛ አንድም ልጅ አይኖርም፤ የጠፋው ግን ብዙ ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው፥ «ጥቂት ነው» ብሎ የሚፈርደው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ሰው ስለ ራሱ ጥቂት ነው ሲል ቢሳሳት የሚጎዳው በአብዛኛው እርሱ ነው። ነገር ግን ትርፉን የሚቀበለው አንዱ፥ ጥቂቱን መርዝ የሚተነፍሰው ሌላው ሲሆን፥ «ጥቂት ነው» የሚለው ቃል የሚዛን ቃል መሆኑ ቀርቶ የነጋዴ ቃል ይሆናል።

ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ወይን ጠጅ እንዲጠቀም በመከረው ጊዜ መጠኑን ጥቂት ብሎ መወሰኑን ሁላችን እናውቃለን። ይህን ምክር ለመጠጥ ማመካኛ የሚያደርጉ ሰዎች ሦስት ነገር ይዘነጋሉ። ምክሩ ለአንድ ለታወቀ ሰው ነው፤ ምክንያቱ የታወቀ ሕመም ነው፤ ልኩም ተነግሯል። ዛሬም ቢሆን የመድኃኒት ትእዛዝ ሁሉ እነዚህን ሦስት ነገሮች ማሟላት ይገባዋል፤ ለማን፥ ለምን፥ ምን ያህል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። የሚያድነውና የሚገድለው አንድ ነገር ከሆነ የሚሰጠው ሰው ዕዳ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሲሳሳት «አሳቤ በጎ ነበር» ብሎ ይጽናናል። በጎ አሳብ በእውነት ክቡር ነው፤ ነገር ግን ጉበት አሳብን አይመረምርም፤ ደምም የሰጪውን ፍቅር አይለካም። በትኩሳት የሚቃጠል ልጇን ታቅፋ በሌሊት የተቀመጠች እናት፥ አንዱ ማንኪያ አልበቃ ቢላት ሁለተኛውን ትጨምራለች፤ የምትጨምረውም ስለምትወደው ነው። የልጅ መጠን ግን የሚሰላው በኪሎው እንጂ በእናቱ ጭንቀት አይደለም። የወጥ ማንኪያና ከጠርሙሱ ጋር የሚሰጠው መስፈሪያም እኩል አይይዙም። እንዲህ ያለችውን እናት ልንወቅሳት ሳይሆን አስቀድመን ልናስተምራት ይገባል። መድኃኒቱን የሸጠላት ሰው ምን ያህል፥ በየስንት ሰዓቱ፥ ለስንት ቀን መሆኑን በሚገባት ቋንቋ ካልነገራት፥ ግማሹ ጥፋት በእርሱ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል።

ፍቅር ልክን ማወቅን አይተካም፤ ነገር ግን ልክን ለማወቅ ያስገድዳል። የሚወድ ሰው ይጠይቃል፤ ይለካል፤ የወረቀቱን ጽሑፍ ያስነብባል፤ ሳይገባው እንደ ገባው ሆኖ አያልፍም። ሊቃውንት የልክን ቁጥር የሚያወጡት ከብዙ ሰው ምላሽ ነው። ጆን ትሬቫን የተባለው ሊቅ በ1927 ዓ.ም. የመርዝን ኀይል ለመለካት ያወጣው ዘዴ እንኳ የተመሠረተው ከተመረመሩት እንስሳት እኩሌታውን በሚገድለው መጠን ላይ ነው። ይህም እንስሳቱ ሁሉ በአንድ ልክ እንደማይሞቱ ስለ ተረዳ ነው። እንግዲህ ቁጥሩ የብዙዎች ሲሆን በፊታችን የተቀመጠው ሕመምተኛ ግን አንድ ሰው ነው። ሽማግሌ ነው፤ ወይም እርጉዝ ናት፤ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ነው፤ ወይም ከሌላ ስፍራ የወሰደው መድኃኒት አለ። ቁጥሩን ማወቅ ትምህርት ነው፤ ሰውየውን ማየት ደግሞ ትጋት ነው። አያቴ ቁጥር አታውቅም ነበር፤ ነገር ግን ጠጪውን ሳታይ ኮሶ አልበጠበጠችም።

የግእዝ ቋንቋ ሐኪምን የሚጠራበት ስም «ዐቃቤ ሥራይ» ነው። ልብ ብለን እንየው፤ የሥራይ ጌታ አላለውም፤ የሥራይ ጠባቂ አለው እንጂ። የሚጠበቅ ነገር ሁለት ዐይነት ነው፤ እንዳይጠፋ የሚጠበቅ አለ፥ እንዳያጠፋም የሚጠበቅ አለ። ሥራይ ሁለቱንም ስለ ሆነ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ይህም ስም ነጭ ልብስ ለለበሰው ሐኪም ብቻ የተሰጠ መስሎ አይታየን። ለልጇ ማንኪያ የምትሞላ እናት፥ በሱቁ ፍሬ ቈጥሮ የሚሸጥ ሰው፥ ሕመምተኛ መጥቶ ምክር የሚጠይቀው ካህን፥ ለሕዝብ ውሃና አየር የሚያስብ ሹም፥ እነዚህ ሁሉ በእጃቸው ሥራይ አለ። በእጁ ሥራይ ያለ ሰው ደግሞ ከመስጠቱ በፊት እፍኙን ከፍቶ ማየት፥ የበዛውንም ወደ ዕቃው መመለስ ይገባዋል።